ሮኬቱ ካረፈ በኋላ ያለው ስራ

ሮኬት ቀጥ ብሎ ሲያርፍ የሚያሳየውን ቪዲዮ አሁን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ከላይ እየወረደ እሳቱን ይተፋና እግሮቹን ዘርግቶ ባህር ላይ በተዘጋጀች መርከብ ላይ ቁጭ ይላል፣ ሰው ይጮሃል ያጨበጭባል፣ ቪዲዮውም እዛ ጋ ያልቃል። እኔን ሁሌ የሚያጓጓኝ ግን ካሜራው ከጠፋ በኋላ ያለው ነው። ያ ጥላሸት የለበሰ ነገር አሁን ምን ይደረጋል? ማነው መጀመሪያ የሚጠጋው? ምኑ ይፈታል፣ ምኑ በአይን ብቻ ታይቶ ይታለፋል፣ ምኑስ ጭራሽ ሳይታይ ይታለፋል? ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ለኔ የጉዳዩ እምብርት ነው። ሁሉንም ፈታትተህ እያየህ የምትገጥም ከሆነ አዲስ ብትሰራ ይሻልሃል፣ ሳታይ ከዘለልክ ደግሞ ሰው ይሞታል። ስለዚህ ደጋግሞ የሚበር መንኮራኩር ያዋጣል ወይ የሚለው የሚወሰነው የትኛውን ክፍል ሳትነካ ማለፍ እንደምትችል በማወቅህ ልክ ነው፣ እሱ እውቀት ደግሞ ከበረራ በስተቀር ከየትም አይመጣም።

እስቲ ሰው ይዛ ወደ ጠፈር እየወጣች እንደ አውሮፕላን ታርፍ ከነበረችው የአሜሪካ መንኮራኩር ከስፔስ ሻትል እንጀምር (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ናሳ ሻትልን ሲያቅድ ሀሳቡ እንደ አየር መንገድ አይነት ነገር ነበር፣ አንዷ መንኮራኩር አርፋ በ160 የስራ ሰአት ውስጥ ማለትም በሁለት ሳምንት አካባቢ ተመልሳ ልትነሳ፣ በአመትም እስከ 60 በረራ ሊደረግ ነበር የታሰበው። የሆነው ግን በጣም ይለያል። በአንድ አመት ውስጥ ብዙ የተበረረው በ1985 ነው፣ እሱም 9 ጊዜ። በታሪኳ ፈጣን የሚባለው ዝግጅት የአትላንቲስ ነው፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1985 ተነስታ ኖቬምበር 26 እንደገና ተነሳች፣ ከመነሳት እስከ መነሳት 54 ቀን መሆኑ ነው። ቻሌንጀር በጃንዋሪ 1986 ከፈነዳች በኋላ ደግሞ ወደዛ ቁጥር የተጠጋ አልነበረም፣ የተሻለው በ1997 ኮሎምቢያ ያደረገችው 88 ቀን ነው፣ እሱም ልዩ ሁኔታ ነበር፣ መጀመሪያ የወጣችው የኤሌክትሪክ ምንጯ ማለትም ፊውል ሴሏ ስለተበላሸ ስራውን ሳትጨርስ ተመልሳ ስለነበር ያንኑ ጭነት ከነሰዎቹ ይዛ ነው ደግማ የወጣችው። በ30 አመት ውስጥ በጠቅላላ 135 በረራ። መጀመሪያ የታሰበው ቢሆን ኖሮ እኮ በሁለት አመት ከምናምን የሚያልቅ ቁጥር ነው።

ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ያው የመንግስት ቢሮክራሲ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሰራተኞቹ ሰነፍ አልነበሩም፣ እንደውም ሌት ተቀን ነበር የሚሰሩት። ችግሩ መንኮራኩሯ ራሷ በተሰራችበት መንገድ ውስጥ ነበር፣ እና ስራውን ቀረብ ብለን ካላየነው አይገባንም።

ሻትሏ ኬኔዲ የጠፈር ማእከል ያለው 4.5 ኪሎሜትር ርዝመት ያለው ሜዳ ላይ አርፋ ቆመች እንበል። ወዲያው ሰው አይጠጋትም። 25 ያህል ተሽከርካሪዎች ከርቀት ቆመው ይጠብቃሉ፣ መጀመሪያ የሚቀርቡት ከእግር እስከ ራስ ተሸፍነው የራሳቸውን አየር የሚተነፍሱ ሰዎች ናቸው፣ በእጃቸው ደግሞ የጋዝ መለኪያ ይዘዋል። ለምን መሰላችሁ? በጠፈር ላይ አቅጣጫ ለመቀየር የምትጠቀምባቸው ትናንሽ ሞተሮች የሚሰሩት በሃይድራዚን ዘር ነዳጅና በናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ክብሪት ሳያስፈልግ ይነዳሉ፣ ለጠፈር ስራ ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ሞተሩ አልቀጣጠል የሚል ጣጣ የለም። መሬት ላይ ግን ሁለቱም መርዝ ናቸው፣ ትንሽ ቢያፈስ ሳንባ ያቃጥላል። ስለዚህ አካባቢው ንጹህ ነው እስኪባል ድረስ ይጠበቃል፣ ከዛ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ መኪና ይገጠምላታል፣ ከዛ ሰዎቹ ይወርዳሉ፣ ከዛ ተጎትታ ወደ ጥገና ህንጻዋ ትገባለች። እዛም ውስጥ ከእነዚህ ነዳጆች ጋር የሚያገናኝ ስራ በመጣ ቁጥር ሌላው ሰው በሙሉ ህንጻውን ለቆ ይወጣል። አንድ ቫልቭ ለመቀየር ሌላው ስራ ሁሉ ቆመ ማለት ነው። ይሄ በወረቀት ላይ አይታይም፣ ቀናት የሚበላው ግን እንዲህ አይነቱ ነገር ነው።

አሁን ወደ ታይሎቹ ማለትም አካሏን ከሙቀት ወደሚከላከሉት ጡብ መሰል ሽፋኖች እንምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

ሻትሏ ከምህዋር ስትመለስ አየሩን በሰከንድ ወደ 8 ኪሎሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው የምትገጨው። አካሏ አሉሚኒየም ነው፣ አሉሚኒየም ደግሞ ያን ሙቀት አይችልም፣ ስለዚህ ወደ 24,000 በሚሆኑ ታይሎች ተሸፍናለች። ታይሉ ከሲሊካ ክር የተሰራ ነው፣ ከይዘቱ 90 በመቶ በላይ ባዶ አየር ነው፣ በእጅ ሲይዙት ከመቅለሉ የተነሳ የሆነ አረፋ ነው የሚመስለው። ጥቁሮቹ እስከ 1,260 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይችላሉ። ነገር ግን ተሰባሪ ነው፣ በጥፍር ጫን ብትለው ምልክት ይቀራል። አሉሚኒየሙ በሙቀትና በብርድ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ታይሉ እንዳይሰበር በመሀላቸው ጨርቅ መሰል ንጣፍ አለ፣ በሲሊኮን ማጣበቂያ ይለጠፋል። የመንኮራኩሯ አካል ደግሞ ጠመዝማዛ ስለሆነ እያንዳንዱ ታይል የራሱ ቅርጽና የራሱ ቁጥር አለው፣ አንዱን አንስተህ በሌላው ቦታ መግጠም የለም። አንድ ቢሰበር ለዛች ቦታ ብቻ ተለክቶ ይሰራል፣ ይለጠፋል፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ተጭኖ ይቆያል፣ ከዛ ይዟል ወይስ አልያዘም ተብሎ እየተሳበ ይፈተሻል።

ከዛ ደግሞ ውሀ አለ። ባዶነቱ የበዛ ነገር ስለሆነ ዝናብ ካገኘው ውሀ ይጠጣል፣ ውሀ የጠጣ ታይል ይከብዳል፣ ጠፈር ላይ ሲደርስ ደግሞ በረዶ ሆኖ ታይሉን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ውሀ የማያስገባ ኬሚካል ይሰጠዋል። ችግሩ ያ ኬሚካል በመልስ ጉዞው ሙቀት ይቃጠልና ይጠፋል። እናስ? እናማ ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ አንድ ሰው ታይል በታይል እየሄደ ላይዋ ላይ ባለች ጭል በምትል ቀዳዳ በኩል ኬሚካሉን ይወጋዋል። አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሶስት፣ እንዲህ እያለ በሺዎች። ኬሚካሉ ራሱ የሚተነፈስ ስላልሆነ በጭንብል ነው። ይሄን ሳስብ ሁሌ የሚሰማኝ ለነዚህ ሰዎች ትልቅ አክብሮት ነው፣ አስትሮናቶቹን አለም ያውቃቸዋል፣ ከሆዷ ስር ቆሞ አንገቱን ቀና አድርጎ ሙሉ ሽፍቱን ታይል ሲወጋ የሚውለውን ቴክኒሻን ግን ማንም አያውቀውም፣ የአስትሮናቱ ህይወት ግን እጁ ላይ ነበር።

በ1990 ኤሊዛቤት ፓቴ ኮርኔልና ፖል ፊሽቤክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ይሄን የታይል ስራ ለናሳ አጥንተው ነበር፣ ውጤቱ እስካሁን ድረስ ሊነበብ የሚገባው ነው። ካገኙት አንዱ ከጠቅላላው የታይል አደጋ 85 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከ15 በመቶ ታይሎች ነው የሚል ነበር። ልብ በሉ፣ ሁሉም ታይል እኩል አይደለም ማለት ነው። አንዳንዱ ቢወድቅ ከኋላው ምንም የለም፣ አንዳንዱ ቢወድቅ ግን ከኋላው የነዳጅ መስመር ወይ ክንፉን የሚያዝ ሲስተም አለ። ጊዜህንና ሰውህን እኩል አድርገህ 24,000 ቦታ ከመበተን እነዛን 15 በመቶዎቹን ለይቶ እዛ ላይ መጨነቅ ይሻላል ማለት ነው። ሌላው ያገኙት ደግሞ ማጣበቂያው ቶሎ እንዲደርቅ አንዳንድ ሰራተኞች ምራቃቸውን ይጨምሩበት እንደነበር ነው። ይሄን ሰምቶ ሰራተኛውን መውቀስ ቀላል ነው፣ እኔ ግን የማየው የጊዜ ጫናውን ነው። ሰው ቶሎ በል ቀኑ ደርሷል ሲባል እጁ ላይ ባለው ነገር ስራውን ያሳጥራል፣ ምራቁ ደግሞ ዛሬ ማጣበቂያውን ያደርቃል፣ ከብዙ በረራ በኋላ ግን ይዞታውን ሊያላላው ይችላል።

ታይል ሲጎዳ ምን እንደሚመጣ በዲሴምበር 1988 ታይቷል። አትላንቲስ ስትነሳ ከማስነሻው ሮኬት ጫፍ የተገነጠለ ነገር መትቷት ስትመለስ ከ700 በላይ ታይሎች ተጎድተው ተገኙ፣ አንዱ ጭራሽ የለም። የጠፋው ታይል የነበረበት ቦታ ላይ ግን እንደ አጋጣሚ ከስር የአንቴና መያዣ ወፍራም ብረት ነበረ፣ እሱ ነው ያዳናቸው። ኮሎምቢያ እንዲህ አይነት አጋጣሚ አልገጠማትም። በጃንዋሪ 2003 ስትነሳ ከነዳጅ ታንኩ የተገነጠለ ከአንድ ኪሎ በታች የሚመዝን ፎም ማለትም የታንኩ ሽፋን አረፋ የግራ ክንፏን ፊት መታው፣ በፌብሩዋሪ 1 ስትመለስ ሙቀቱ በዛ በኩል ገብቶ ሰባቱም ሰዎች አለቁ። የሚያመኝ ነገር ፎም መገንጠል አዲስ አለመሆኑ ነው፣ በፊትም በረራዎች ላይ ይገነጠል ነበር፣ መንኮራኩሯ በተመለሰች ቁጥር ጉዳቱ ይቆጠራል ይጠገናል ይመዘገባል፣ ከጊዜ በኋላ ግን እንደ ተራ የጥገና ስራ ይታይ ጀመር። መረጃው እጃቸው ላይ ነበር። ከበረራ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ለጥገና ብቻ ሲውል እና ለማስጠንቀቂያ ሳይውል ሲቀር እንዲህ ይሆናል።

ሞተሩስ? የሻትል ዋና ሞተሮች ሶስት ናቸው፣ ከበረራ በኋላ ተፈተው ወደ ራሳቸው ወርክሾፕ ይሄዱ ነበር። የሃይድሮጅን ቱርቦፓምፑ ማለትም ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፓምፕ በደቂቃ ከ35,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፣ የሚገፋው ፈሳሽ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ነው፣ ማቃጠያው ክፍል ውስጥ ያለው ደግሞ 3,300 ዲግሪ አካባቢ። በዚህ መሀል ያለ ብረት ይሰነጠቃል፣ በተለይ የተርባይኑ ቢላዎች። ሞተሩ በራሱ ድንቅ ነው፣ ከተሰሩት ሁሉ ምርጡ ነው ብል አላፍርም፣ ግን እስከ አቅሙ ጫፍ ተወጥሮ ነው የሚሰራው፣ ጫፍ ላይ የሚሰራ ነገር ደግሞ ሳይፈተሽ አይታለፍም።

አንድ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ፣ ጥገና ራሱ ያበላሻል። ይሄ ለማመን ይከብዳል ግን እውነት ነው፣ የሰው እጅ በገባ ቁጥር የሆነ ነገር የመነካካት እድል አለ። በጁላይ 1999 ኮሎምቢያ ስትነሳ፣ ኤይሊን ኮሊንስ የመጀመሪያዋ ሴት አዛዥ የሆነችበት በረራ ነው፣ ከተነሱ ከ5 ሰከንድ በኋላ የኤሌክትሪክ ሾርት ተፈጥሮ የሁለት ሞተሮችን አንዳንድ ኮምፒውተር ገደለ። እያንዳንዱ ሞተር ሁለት ሁለት ስላለው ነው የተረፉት። ሲመለሱ ሲታይ ገመዱ ከአንድ ብሎን ጭንቅላት ጋር ሲፋተግ ቆይቶ ሽፋኑ ተልጧል። ከዛ ሁሉም መንኮራኩሮች ቆመው ገመዳቸው ሲመረመር በየቦታው ብዙ የተላላጠ ተገኘ፣ ብዙው ደግሞ ከጊዜ ብዛት ሰው ሲሰራ እየነካው፣ እየተደገፈበት የመጣ ጉዳት ነበር። በዛው በረራ ከአንደኛው ሞተር ውስጥ የተፈናቀለች ትንሽ ፒን የሞተሩን አፍ የሚያቀዘቅዙ ሶስት ቱቦዎች ቀድዳ ሃይድሮጅን ሲያፈስ ነበር የወጡት። ያቺም ፒን ከዚህ በፊት በተደረገ ጥገና አንድ የተበላሸ ቀዳዳ ለመድፈን የገባች ነበረች።

አሁን ወደ ስፔስኤክስ ኩባንያ ሮኬት ወደ ፋልከን 9 ስንመጣ ያንኑ ነገር በሌላ መልክ እናገኘዋለን። ስፔስኤክስ የመጀመሪያውን ቡስተር ማለትም የሮኬቱን የታችኛውን ክፍል ያሳረፈው በዲሴምበር 2015 ነው፣ ያገለገለ ቡስተር ደግሞ ያበረረው በማርች 2017። ያ ቡስተር መጀመሪያ የበረረው በኤፕሪል 2016 ስለነበር አንድ አመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር፣ ማለትም ከአትላንቲስ 54 ቀን ጋር ስታወዳድረው ስድስት እጥፍ ይረዝማል። ያኔ ብዙ ባለሙያ ይሄ ነገር አያዋጣም ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በማርች 18 ቀን 2020 ለአምስተኛ ጊዜ የሚበር አንድ ቡስተር ከዘጠኙ ሞተሮቹ አንዱ እየወጣ እያለ ጠፋ። ሳተላይቶቹ ቦታቸው ደረሱ፣ ቡስተሩ ግን አላረፈም። ምክንያቱ ሲጣራ ምን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ሞተሩ ሲጸዳ የተጠቀሙበት አልኮል፣ ያ ቁስል የምናጸዳበት አይነቱ፣ ጥቂቷ አንድ ሴንሰር ውስጥ ተደብቃ ቀርታ በበረራ ላይ ተቀጣጠለች። አዩ፣ ማጽዳቱ ነው ሞተሩን የገደለው። ፋልከን የሚያቃጥለው ኬሮሲን ስለሆነ ጥላሸት ይተዋል፣ ስለዚህ ይጸዳል፣ ስለዚህ ማጽጃው የራሱን አደጋ ይዞ ይመጣል። የዛሬዎቹ አዳዲስ ሮኬቶች ብዙዎቹ ወደ ሚቴን የሄዱበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ ሚቴን ጥላሸቱ በጣም ትንሽ ነው፣ ብዙ የማይጸዳ ነገር ደግሞ ብዙ አይነካካም።

ሌላው ምሳሌ የፌብሩዋሪ 2021 ነው። አንድ ቡስተር በስድስተኛ በረራው ሲመለስ ሳያርፍ ባህር ገባ። ሞተሩን ከሙቀት የሚሸፍን ተለጣጭ ሽፋን አለ፣ ያ ሽፋን ከሌሎች ሁሉ በላይ የበረረ ነበር፣ በድካም ብዛት ተቀድዶ ትኩስ ጋዝ አስገባ። እዚህ ጋ ነው ከሻትል ጋር ያለው ትልቁ ልዩነት የሚታየው። ቡስተሩ ላይ ሰው የለም፣ ጭነቱን አስረክቦ ጨርሷል፣ ስለዚህ ቢጠፋም የጠፋው ብረት ነው፣ የተገኘው ግን መልስ ነው፣ ያ ሽፋን ስንት በረራ እንደሚችል አሁን ታወቀ። ሻትል ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰው ሳትይዝ በራ አታውቅም፣ በኤፕሪል 1981 ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነሳ ሁለት ሰው ተሳፍሮባት ነበር። ሰው በተሳፈረበት ነገር ላይ እስቲ ይሄን ክፍል ሳንቀይረው እንየው ማለት አይቻልም፣ ስለዚህ ሁሉም ይፈተሻል፣ ሁሉም ስለሚፈተሽና ስለሚቀየር ደግሞ የትኛው ሳይቀየር እንደሚዘልቅ አይታወቅም። ከዚህ አዙሪት መውጣት አልቻሉም።

ስፔስኤክስ ለዚህ የተጠቀመበት ነገር አብዛኛው የራሱ በረራ መሆኑ ነው። የደንበኛ ሳተላይት ትንሽ በበረረ ቡስተር ይወጣል፣ የራሱን የስታርሊንክ የኢንተርኔት ሳተላይቶች ደግሞ ብዙ በበረረው ላይ ይጭናል፣ በዛ መሪ ቡስተር ላይ የሚታየው ድካም ለሌሎቹ ሁሉ ትምህርት ይሆናል። በሜይ 2018 የወጣው ብሎክ 5 የሚባለው አይነት መጀመሪያ ለ10 በረራ ነበር የታሰበው፣ ከዛ 15 ተባለ፣ ከዛ 20፣ ከዛ ወደ 40፣ በ2025 አንደኛው ከ30 በላይ በሯል። ዲዛይኑም ላይ ለጥገና ተብሎ የተቀየረ ብዙ ነገር አለ፣ ለምሳሌ ሲመለስ አቅጣጫ የሚይዝባቸው መረብ መሰል ክንፎች ድሮ አሉሚኒየም ሆነው ሲመለሱ እየቀለጡ ነበር፣ አሁን ታይታኒየም ናቸው፣ ሳይነኩ ደጋግመው ይሄዳሉ። በማርች 2025 አንድ ቡስተር ከበረረ ከ9 ቀን በኋላ እንደገና በረረ። ዘጠኝ ቀን! ካረፈበት የሚነሳበት፣ የሚጋደምበት፣ የሚታይበት፣ ሁለተኛው ክፍል የሚገጠምበት ጊዜ ሁሉ እዛ ውስጥ ነው። በዛ ጊዜ ውስጥ ዘጠኝ ሞተር ፈትቶ መግጠም አይታሰብም፣ ስለዚህ ይሄ ቁጥር የሚነግረን ቴክኒሻኖቹ ፈጣን መሆናቸውን ብቻ ሳይሆን ምን ያህሉን ሳይነኩ ለማለፍ እንደደፈሩ ነው፣ ድፍረቱ ደግሞ ከመቶዎች በረራ የመጣ ነው።

ያዋጣል ወይ ለሚለው የሁለቱ ወገኖች ክርክር ራሱ ያስተምራል። ኢሎን መስክ በ2020 ቡስተሩን መልሶ ለመጠቀም ሲባል የሚቀነሰው የጭነት አቅም ከ40 በመቶ በታች፣ የማዘጋጃው ወጪ ደግሞ ከ10 በመቶ በታች ስለሆነ በሁለተኛው በረራ እኩል ይመጣል በሶስተኛው ይተርፋል አለ። የተፎካካሪው የሮኬት ኩባንያ የዩኤልኤ ሃላፊ የነበሩት ቶሪ ብሩኖ ደግሞ በእኛ ስሌት 10 በረራ ያስፈልጋል ብለው ነበር። የሁለቱ ልዩነት ያለው ብዙው የማዘጋጃው ወጪ ላይ ነው። ከዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ፣ በአመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የምትበር ከሆነ ያን ሁሉ ቴክኒሻን ያለ ስራ እያስቀመጥክ ትከፍላለህ፣ ፋብሪካህም ስራ ይፈታል። ሻትልን ውድ ያደረጋት አንዱ ይሄ ነው፣ ብትበርም ባትበርም ሺዎች ደሞዝ ይበላሉ። ስፔስኤክስ በ2024 ብቻ ከ130 በላይ በረራ አድርጓል፣ ወጪው የሚካፈለው ብዙ ነው።

ሰው የሚጭኑት ካፕሱሎች ግን አሁንም በቀን አይቆጠሩም። የስፔስኤክስ ካፕሱል ድራጎን ኤንዴቨር በኦገስት 2020 ባህር ላይ አርፋ እንደገና የተነሳችው በኤፕሪል 2021 ነው። ጨው ውሀ ለኤሌክትሮኒክስም ለብረትም ጠላት ነው፣ የስሯ ሙቀት መከላከያ በየበረራው በአዲስ ይቀየራል፣ ከኋላዋ ያለው ሲሊንደር መሰሉ ክፍል ደግሞ ስትመለስ ስለሚጣል ሁሌም አዲስ ነው። ያረፈች ካፕሱል ውስጥ ምን ሊደበቅ እንደሚችል በኤፕሪል 2019 ታይቷል፣ ከጠፈር የተመለሰችው የመጀመሪያዋ ሰው ለመጫን የተሰራች ድራጎን መሬት ላይ ሞተሯ ሊፈተሽ ሲል ፈነዳች። ናይትሮጅን ቴትሮክሳይዱ በአንድ ቫልቭ በኩል ሾልኮ መሆን የሌለበት ቱቦ ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር፣ ሲስተሙ ግፊት ሲያገኝ ያ ፈሳሽ እንደ ጥይት ተወርውሮ የታይታኒየም ቫልቭ መታና ተቀጣጠለ። ሰው አልተጎዳም፣ ቫልቮቹ በሌላ አይነት መዝጊያ ተተኩ። ካልተመለሰችና ካልተፈተሸች ይሄ መቼ ሊታወቅ ነበር?

የቦይንግ ካፕሱል የስታርላይነር ታሪክ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በጁን 2024 አስትሮናቶቹን ቡች ዊልሞርንና ሱኒ ዊሊያምስን ይዛ ወደ አለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ስትሄድ ሂሊየም አፈሰሰች፣ አምስት ትናንሽ ሞተሮችም አቋረጡ። ካፕሱሏ በኤርባግ መሬት ላይ አርፋ እስከ 10 ጊዜ እንድትበር የተሰራች ናት፣ የተበላሹት ሞተሮች ያሉት ግን ከኋላ ባለው አገልግሎት ክፍል ነው፣ እሱ ደግሞ ሲመለሱ ተለይቶ አየር ላይ ይቃጠላል። ስለዚህ የተበላሸውን ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማየት የለም። ለዛም ነው መሀንዲሶቹ ጣቢያው ላይ እንደታሰረች ሞተሮቹን እያስነሱ የሞከሯቸው፣ ማስረጃው ሊቃጠል ነው። በሴፕቴምበር ሰው ሳትይዝ ተመለሰች፣ ማስረጃውም ተቃጠለ።

ከዚህ በኋላ ያለው ትልቁ ፈተና የስፔስኤክስ ግዙፉ ሮኬት የስታርሺፕ ነው። የታችኛው ክፍል ሱፐር ሄቪ መንገዱን ይዟል፣ በኦክቶበር 2024 ሲመለስ በማስነሻው ማማ ክንዶች ተይዟል፣ በጃንዋሪ 2025 የተያዘው ደግሞ ከ33 ሞተሮቹ 29ኙ ሳይቀየሩ በሜይ 2025 ደግሞ በሯል፣ ምንም እንኳን በመጨረሻ ሆን ተብሎ በከበደ አመላለስ ሲሞከር ቢጠፋም። የላይኛው ክፍል ግን ሌላ ነገር ነው። ፋልከን 9 ቡስተር የሚለየው በሰከንድ 2 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ከምህዋር የሚመለስ ግን ወደ 8 ይጠጋል፣ ጉልበቱ ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ መጥፋት ያለበት ሙቀት ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ ወደ ታይል ተመለስን፣ ወደ 18,000 የሚሆኑ። ከሻትል የተማሩት ነገር ግን ይታያል፣ አካሉ አሉሚኒየም ሳይሆን ስቲል ስለሆነ ሙቀት ይችላል፣ ታይሎቹ ባለ ስድስት ጎን ሆነው አብዛኞቹ አንድ አይነት ናቸው፣ ብዙዎቹም ከመለጠፍ ይልቅ በፒን ይያዛሉ። የተሰበረውን ነቅለህ ከመደርደሪያ ሌላ አንስተህ ትገጥማለህ፣ ለዛች ቦታ ብቻ እየተለካ አይሰራም።

እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ከጠፈር ተመልሶ እንደገና የበረረ የስታርሺፕ የላይኛው ክፍል ግን አልነበረም፣ እየተቃጠሉም ቢሆን ህንድ ውቅያኖስ ላይ ቀስ ብለው የወረዱ አሉ፣ ባህር ውስጥ ገብተው ቀሩ። ስለዚህ አንዱ ሳይሰምጥ መሬት ላይ የተመለሰ ቀን እኔ የማየው ሲያርፍ ያለውን ቪዲዮ አይደለም። ቴክኒሻኖቹ ስሩ ገብተው ስንት ታይል ላይ ምልክት እንዳደረጉ፣ ከነዛ ውስጥ ስንቱን ነቅለው ስንቱን እንዳለ እንደተዉት፣ እና ከዛ ቀን ጀምሮ ስንት ቀን ቆጥረው መልሰው እንዳስነሱት ነው የምጠብቀው።